ካቻቪቴና የወንድሟ ሰርቨር

በሆስፒታሉ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። ሐኪሙም፣ ጥበቃውም፣ ወለል የምትወለውለዋም "ካቻቪቴ" ነው የሚሏት። ሌላው ሰው እስክሪብቶ በሚሰካበት የጋዋን ኪስ እሷ ካቻቪቴ ትሰካለች፤ ስሙም ከዚያው ተለጥፎባት ቀረ። ሥራዋ የተበላሹ የሕክምና መሣሪያዎችን መጠገን ነው። የቀዶ ሕክምና መቀሶችን በእንፋሎት የሚቀቅለው ትልቁ ማሽን በሩ አልገጥም ሲል፣ አክታ የሚስበው ፓምፕ ሲታፈን፣ የጨቅላ ሕፃናት ማሞቂያው ሙቀቱን መያዝ ሲያቅተው የምትጠራው እሷ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ተረጋግታ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ያያት ሰው ካለ መጥቶ ይመስክር። ሻይ የምትጠጣው ቆማ ነው። ስልክ የምታወራው ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር እየተመላለሰች ነው። አብረዋት የሚኖሩት እናቷ፣ "ድሮም ስትወለድ በእግሯ ነው የመጣችው፤ አንዴ የቆመችን ማን ያስቀምጣታል?" ይላሉ።

ሰርቨር የሚባል ነገር ውስጥ የከተታትም ይኸው መቀመጥ አለመቻሏ ነው።

የጠጋኝ ትልቁ ችግር መሣሪያው አይደለም፤ የሚጠይቀው ሰው ማጣቱ ነው። ማሽኑ ከሩቅ አገር ይመጣል፣ መመሪያው ይጠፋል፣ የሸጠው ድርጅት ስልክ አያነሣም። ካቻቪቴ ድሮ ጥያቄዋን የምትለጥፈው ሰው ሁሉ በሚጠቀምበት ትልቅ ማኅበራዊ ገጽ ላይ ነበር። "ማሽኑ ቀይ መብራት ሦስት ጊዜ ብልጭ አድርጎ ይጠፋል፤ ያጋጠመው አለ?" ብላ ትጽፋለች። እዚያ ግን ማን ምን ማየት እንዳለበት የሚወስነው ገጹ ራሱ ነውና፣ የእሷን ጥያቄ ቀብሮ ለሰዉ የሠርግ ቪዲዮና የጫማ ማስታወቂያ ያሳየዋል። መልስ በአራተኛው ቀን ይመጣል። እሷ ደግሞ ቁጭ ብላ መጠበቅ አታውቅም፤ እስከዚያ ማሽኑን ወይ አስነሥታዋለች ወይ ጨርሳ ገድላዋለች።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ በሌላ ከተማ ሆስፒታል የላብራቶሪ ባለሙያ የሆነ፣ በስልክ ብቻ የምታውቀው ሰው ስለ ሌላ ዓይነት መረብ ነገራት። እሷ "ላብራቶሪው" ነው የምትለው።

"ባለቤት የለውም" አላት።

"ባለቤት የሌለው ነገር እንዴት ይቆማል?"

"የለውም ስልሽ አንድ ባለቤት የለውም ማለቴ ነው። ብዙ ሺህ ሰርቨር አለ፣ የሰዉን ጽሑፍ የሚይዝ ኮምፒውተር ማለት ነው፤ እያንዳንዱ የራሱ ኃላፊ፣ የራሱ ሕግ አለው። ብትፈልጊ አንቺም አንድ ትከፍቻለሽ። ከዚያ ሆነሽ በሌላ ሰርቨር ያለውን ሰው ትከተያለሽ፣ ትጽፊለታለሽ፣ ይመልስልሻል። ልክ እንደ ኢሜይል፤ ያንቺ ከአንዱ ድርጅት፣ የኔ ከሌላው ቢሆንም እንጻጻፍ የለ?"

"ማስታወቂያስ?"

"ወፍ የለም። የሚታይሽም የተከተልሻቸው ሰዎች የጻፉት ነው፣ በተጻፈበት ሰዓት ተራ። መርጦ የሚያጎርስሽ የለም።"

ይህን በሰማች በሁለተኛው ሳምንት፣ ከሆስፒታል የተወገደ ኮምፒውተር አስፈቅዳ ወስዳ፣ አጽድታ፣ መኝታ ቤቷ ቁም ሣጥን አናት ላይ አስቀመጠችውና ሰርቨር ከፈተች። ስሙን "የጠጋኞች ቤት" አለችው። እናቷ ለጎረቤት ሲያስረዱ፣ "ቀኑን ሙሉ የሚያንኮራፋ ሣጥን አምጥታለች፤ ውስጡ አራት መቶ ሰው አለ ትለኛለች" አሉ።

እውነትም አራት መቶ ደረሱ። የመሣሪያ ጠጋኞች፣ ነርሶች፣ አዋላጆች፣ የላብራቶሪ ሰዎች፣ ከየከተማው። የቤቱ ሕግ አንድ ገጽ አይሞላም። የታካሚ ስምና ፊት አይወጣም። በጥያቄ አይሳቅም። የቁስልና የደም ፎቶ መሸፈኛ ይደረግበታል፤ ማየት የፈለገ ወዶ ይከፍተዋል። ከአባላቱ አንዱ ዐይነ ስውር የስልክ ኦፕሬተር ነበርና፣ ፎቶ የሚለጥፍ ሰው ፎቶው ውስጥ ያለውን በቃላት ይጽፋል፤ የሰውየው ስልክ ድምፅ አውጥቶ ያነብለታል። አንድ ጽሑፍ ከአምስት መቶ ፊደል አይበልጥም። ካቻቪቴ በአንድ ነገር ላይ አምስት መቶ ፊደል የሚያህል ትዕግሥት ነበራት፤ ስለዚህ ተስማማት።

ወንድሟን ያገኘችውም በዚሁ በፎቶ መግለጫ ነው።

ወንድሟ በስድስት ዓመት ይበልጣታል። እንደ አባታቸው ሰዓት ጠጋኝ ሆኖ በሌላ ከተማ ይኖራል። ዘጠኝ ዓመት ተኮራርፈዋል። አባታቸው ሲሞቱ እሱ የደረሰው ከቀብር በኋላ በሦስተኛው ቀን ነበር፤ እሷም ሻንጣውን እንደያዘ በለቀስተኛው ፊት "እንግዳ መጣልን" አለችው። ሰውየው ውሃ እንኳ ሳይቀምስ፣ እናቱን ስሞ፣ በመጣበት ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ እሱም አልደወለም፣ እሷም አልደወለችም። ቁጥሩንም ከስልኳ አጠፋችው።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ቀን፣ የየሰርቨሩ ጽሑፍ ተቀላቅሎ የሚፈስበትን ገጽ በአውራ ጣቷ ስታንሸራትት፣ ነጭ ጨርቅ ላይ ሆዱ ተከፍቶ የተኛ የእጅ ሰዓት ፎቶ አየች። ከሥሩ ለዐይነ ስውራን የተጻፈ መግለጫ ነበር። "ከምስር ፍሬ የማይበልጡ አራት የናስ ጥርሶች፣ አንዱ የተሸረፈ። በስተግራ ከፀጉር የቀጠነ ጥቅልል ሽቦ። ጠዋት ሬሳ ነበር፤ አሁን ምራቁን ዋጠ።"

የሞተ ሰዓት ቀጭ ማለት ሲጀምር "ምራቁን ዋጠ" የሚል ሰው በዓለም ላይ አባቷ ብቻ ነበሩ። ካቻቪቴ ቆማ የነበረችበት ደረጃ ላይ ቀረች። ሌላ የምታደርገው ሲጠፋት ኮከቧን ተጫነች፤ ኮከብ ማለት እዚያ መረብ ላይ ወደድኩት ማለት ነው፤ ቁጥሩ ተቆጥሮ ማንንም ወደ ላይ አያወጣም፣ ለጻፈው ሰው ብቻ ይደርሰዋል። በማግሥቱም ሌላ ሰዓት፣ ሌላ ኮከብ። እንዲህ ሦስት ሳምንት ከሄደ በኋላ ከሰዓት ጠጋኙ መልእክት መጣ።

"ካቻቪቴ የምትባዪው፣ የማን ልጅ ነሽ?"

"የሰዓት ሠሪው" ብላ መለሰች።

መልሱ በማግሥቱ ነው የመጣው። "እኔም።"

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ማለት ይቻላል ተጻጻፉ። እሷ ስለ ፓምፕ፣ እሱ ስለ ጥርስና ሽቦ። በአምስት መቶ ፊደል የዘጠኝ ዓመት ኩርፊያ አይወጣም፤ ስለ ዘይትና ስለ ብሎን ለመከራከር ግን ይተርፋል። "ወንድም ጋሼ" ብላ መጻፍ የጀመረችው በስድስተኛው ወር ነው፤ እሱም ምንም ሳይል ተቀበለ። ስልክ ግን አልተለዋወጡም። ለእናቷም አልነገረቻቸውም። ገና ያልጸና ነገር ነው ብላ ፈራች።

ችግሩ የወንድሟ ሰርቨር ነበር። ሰላሳ ሺህ ሰው የሰፈረበት፣ ደጉም ክፉውም የተደባለቀበት ትልቅ ሰርቨር ነው። ኃላፊው መጀመሪያ በሞቅታ ከፈተው፣ ኋላ ሰለቸውና ዞር ብሎ ማየት ተወ። አቤቱታ ይላክለታል፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል።

ዘንድሮ ከጠጋኞች ቤት አባላት አንዷ፣ ገና ሁለት ዓመት የሠራች አዋላጅ፣ አንድ ጽሑፍ አወጣች። "ዛሬ ሦስት ሕፃን በአንድ ማሞቂያ አስተኛን። ሌሎቹ ሦስት ማሞቂያዎች ከተበላሹ ሰባት ወራቸው ነው። የሚያውቅ ይምከረን።" የጠየቀችው ምክር ነበር። ሰው ግን አዝኖ አጋራው፤ ከሰርቨር ሰርቨር ተዛመተ፤ እዚያ ትልቁ ሰርቨር ሲደርስ ጥቂት ሰዎች እጅ ገባ። ውሸታም ናት፣ መሥሪያ ቤቷን ታሰድባለች አሉ። በስድብ ጀመሩ። ከዚያ ፎቶዋን ከየት እንዳመጡት አመጡ። ከዚያ የምትሠራበትን ክፍል፣ ከዚያ የምትገባበትንና የምትወጣበትን ሰዓት።

ካቻቪቴ ጠዋት ጠዋት የእንፋሎቱ ማሽን እስኪሞቅ ድረስ አጠገቡ ቆማ ተሳዳቢዎቹን አንድ በአንድ ታግዳለች። ስድስቱን ስታግድ አሥር ሆነው ይመጣሉ። ለኃላፊው ሦስት ጊዜ አመለከተች፤ ዝም። ቀጥላ ከዚያ ሰርቨር የሚመጣው ጽሑፍ ሁሉ ለቤቷ ሰዎች እንዳይታይ ጋረደችው፤ ወዶ የተከተላቸው ብቻ ነው የሚያያቸው። አዋላጇ ስድቡን ማየት አቆመች። እነሱ ግን እሷን ማየት አላቆሙም። የጻፈችውን ሁሉ እየወሰዱ እዚያው ይቀባበሉታል።

ቤቱን የሚጠብቁት ሦስት ናቸው፦ ካቻቪቴ፣ ላብራቶሪውና "ሲስተር" የሚሏቸው ጡረታ የወጡ የነርሶች አለቃ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሦስቱም በስልክ ተገናኙ።

"ሙሉ ሰርቨሩ ይዘጋ" አሉ ሲስተር። ዋርድ እየዞሩ ትእዛዝ የሚሰጡ ይመስላሉ። "ከኛ ወደነሱ፣ ከነሱ ወደኛ ምንም እንዳያልፍ።"

"እኔም እስማማለሁ" አለ ላብራቶሪው።

ካቻቪቴ የመሣሪያ መጋዘኑ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለች ነበር። "አምስት ቀን ስጡኝ" አለች።

"ለምን ሲባል?"

"እዚያ ያሉ ደህና ሰዎች አሉ። የኛ አባላት የሚከተሏቸው። ሰርቨር እንዲቀይሩ ይነገራቸው፤ አለበለዚያ ሁሉም በአንዴ ይቆረጣል።"

ውሸት አልነበረም። ሙሉው እውነት ግን አልነበረም፤ እሷም አውቃዋለች።

ሲስተር አልተዋጠላቸውም። "ደም የሚፈሳት ሴት አጠገብ ቆሞ አምስት ቀን ስጡኝ የሚል ሰው አይቼ አላውቅም። ይሁን። አምስት።"

በዚያው ከሰዓት ለወንድሟ ጻፈች። ለአንድ ሰው ብቻ የሚላክ መልእክት ነው፤ ቢሆንም የሰርቨሩ ኃላፊ ቢፈልግ ሊያነበው እንደሚችል ስለምታውቅ ስም አልጠራችም። "ወንድም ጋሼ፣ ያለህበትን ሰርቨር ልንዘጋው ነው። ሰው እያሳደዱበት ነው። እባክህ ወደ ሌላ ተዛወር። አንዴ ለሰርቨሩ የምትዛወርበትን ከነገርከው ተከታዮችህ ራሳቸው አብረውህ ይመጣሉ።"

መልሱ አንድ ቀን ቆየ። "ጽሑፎቼስ?"

"እነሱ አይመጡም። ባሉበት ይቀራሉ።"

"ስድስት ዓመት ነው የጻፍኩት። የሁለት ሺህ ሰዓት ፎቶ ነው። ሰው ባጠፋ እኔ ቤቴን ጥዬ የምወጣበት ምክንያት ምንድነው? ደግሞስ ኃላፊዋ አንቺ አይደለሽ? አትዝጊው።"

ካቻቪቴ ሦስት መልስ ጽፋ ሦስቱንም አጠፋች። በእነዚያ ቀናት ሥራም እምቢ አላት። የእንፋሎቱን ማሽን የበር ጎማ ገልብጣ ገጥማው ቀዶ ሕክምናው ሁለት ሰዓት ዘገየ፤ በሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ያለ ስሕተት ሠርታ አታውቅም። ዋና ሐኪሙ በትሕትና፣ "ደክሞሽ ይሆናል፤ ትንሽ ዐረፍ በዪ" አላት። ይኼ ከስድብ ባሰባት። ስልኳን በየአምስት ደቂቃው ታወጣለች፣ ትከፍታለች፣ ትመልሳለች። ከወንድሟ ሌላ ቃል አልመጣም። የሰዓት ፎቶውን ግን መለጠፉን አላቋረጠም።

በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ ቀዶ ሕክምና ክፍል መሰላል ላይ ወጥታ የጣሪያ መብራት ስትቀይር፣ ከአዋላጇ ለሦስቱም የተላከ መልእክት ደረሰ። መሰላሉ ላይ እንዳለች አነበበችው።

"ዛሬ ጠዋት እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ሁለት ሰዎች ቤታችን መጡ። እናቴ ከፈተችላቸው። በስልካቸው የኔን ፎቶ አሳይተው 'ይቺ ናት ልጅሽ?' አሏት። አዎ አለች። ምንም ሳይሉ ሄዱ። ምንም አላደረጉም። እናቴ ግን በሩን ቆልፋ አልጋ ላይ ተቀምጣለች።"

ካቻቪቴ ከመሰላሉ ወረደች። እጇ ላይ የነበረውን አምፖል የት እንዳስቀመጠችው ኋላ አላስታወሰችም። ኮሪደሩ ላይ ቆማ በኃላፊነቷ የምትገባበትን ገጽ ከፈተች። የዚያን ሰርቨር ስም ጻፈች። ገጹም እንደ ደንቡ ጠየቃት፦ ይህን ብትዘጊ በሁለቱ ሰርቨሮች መካከል ያሉ ሁለት መቶ አሥራ አራት ግንኙነቶች ይቆረጣሉ፤ ኋላ ብትከፍቺውም በራሳቸው አይመለሱም፤ እርግጠኛ ነሽ? ከሁለት መቶ አሥራ አራቱ አንዱ የማን እንደሆነ ገጹ አያውቅም። ተጫነችው።

ከዚያ ለሁለቱ ደወለች። "ዘግቼዋለሁ" አለች። "አንድ ነገር ልንገራችሁ። ወንድሜ እዚያ ነው። አምስት ቀን ያልኳችሁ ለሱ ነው።"

ላብራቶሪው በቀስታ፣ "ብትነግሪን ኖሮ..." ብሎ አቆመ።

ሲስተር ጨረሱት። "ብትነግሪን ኖሮ ያኔውኑ እንዘጋው ነበር። ያልነገርሽንም ይህን ስለምታውቂ ነው።"

ቤት ስትገባ እናቷ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ቁልፍ እየተከሉ ነበር። ጫማዋን ሳታወልቅ ሳሎኑን ሦስቴ ዞረችው። ወንበር ጎተተች፣ ተወችው። ውሃ ቀዳች፣ አልጠጣችውም።

"ምን ሆነሽ ነው ቤቱን የምትለኪው?" አሉ እናቷ።

ነገረቻቸው። መጀመሪያ ስለ አዋላጇ፣ ከዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከወንድሟ ጋር ስትጻጻፍ እንደነበረ፣ ከዚያ ዛሬ እንዴት እንደቆረጠችው። "አሁን ማግኛም የለኝም። ቁጥሩን ድሮ አጥፍቼዋለሁ።"

እናቷ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። "ቁጥሩ እኔ ጋ አለ።"

"ከመቼ ወዲህ?"

"ምኑ ከመቼ ወዲህ አለው? እሁድ እሁድ ይደውልልኛል። አንቺ ልብስ ልታሰጪ ስትወጪ።"

"ዘጠኝ ዓመት ሙሉ?"

"አሥራ አንድ ሊሞላው ነው፤ የተጻጻፋችሁበትን አልቆጠርሽም።"

"እማዬ፣ ታዲያ እንዴት አንድ ቀን እንኳ አትነግሪኝም?"

"አንድ ቀን ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ? መጻጻፋችሁንም ነግሮኛል። ደስ ብሎኝ አፌን ዘጋሁ። ሁለታችሁም እኔ የማላውቅ መስሏችሁ ስትሽሎከሎኩ ደግ ነው ብዬ ተውኳችሁ።" ስልካቸውን ከመቀነታቸው ፈትተው ሰጧት። "በይ ደውዪ። ቁጭ ብለሽ ደውዪ።"

ቁጭ አላለችም። ደወለች።

"እማዬ፣ ዛሬ እኮ እሁድ አይደለም፤ ደህና ነሽ?" አለ ወንድሟ። ድምፁ ጎርንኖ ቁርጥ የአባታቸውን ሆኗል።

"እኔ ነኝ።"

ከበስተጀርባው ብዙ ሰዓቶች ሲመቱ ይሰማታል።

"ሁለተኛ ጊዜሽ ነው ከደጅ ስትመልሺኝ" አለ በመጨረሻ።

"አውቃለሁ። ግን መጀመሪያ የሆነውን ስማኝ።" ስለ ሁለቱ ሰዎች፣ ስለተቆለፈው በር፣ አልጋ ላይ ስለተቀመጡት እናት ነገረችው። አላቋረጣትም።

"የልጅቷን ፎቶ አይቼዋለሁ" አለ።

"የት?"

"እዚያው ሰርቨሩ ላይ። ሦስት ቀን ሙሉ በፊቴ አለፈ። እኔም አለፍኩት።"

"ጥፋት መጠቆሚያ ቁልፍ እኮ አለ፣ ወንድም ጋሼ።"

"እንዳለ አውቃለሁ። እጄ ላይ ሥራ ነበር። ያንቺ ሰው መሆኗን አላወቅሁም።"

"የኔ ሰው ባትሆንስ?"

ስልክ እንደ መረቡ ፊደል ቆጥሮ አያስቆምም፤ አርባ ደቂቃ አወሩ። በመካከል እሷ ያልጠየቀችውን ተናገረ። ያኔ ለቀብሩ የዘገየው መንገድ ጠፍቶ አልነበረም። ሁለት ቀን አውቶቡስ መናኸሪያው ውስጥ ሻንጣውን ታቅፎ ተቀምጧል። አውቶቡሱ ይሞላል፣ ይሄዳል፣ ሌላው ይመጣል፣ እግሩ አልታዘዝ ይለዋል። "እኔ ካልደረስኩ አባዬ ያልሞተ መስሎኝ ነበር" አላት። ካቻቪቴ ይህን ስትሰማ የት እንዳለች ሳታውቀው የእናቷ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር።

"እንግዳ ያልኩህ ቃል..."

"ልክ ነበርሽ።"

"አልነበርኩም" አለች።

በሦስተኛው ሳምንት ተዛወረ። ወደ ጠጋኞች ቤት ግን አይደለም። "የታናሽ እህቴን ሕግ ፈርሜ አልኖርም" ብሎ ዘጠና ሰው ብቻ ያለበት የእጅ ሙያተኞች ሰርቨር ገባ፤ መጽሐፍ ጠራዦች፣ ጫማ ሠሪዎች፣ መነጽር የሚሞርዱ። ከዘጠኝ መቶ አርባ ተከታዮቹ ስድስት መቶ አሥራ አንዱ ምንም ሳያደርጉ በራሳቸው ተከትለውት መጡ። የቀሩት ድሮም የሞቱ አካውንቶች ነበሩ። ሁለት ሺህ ሰዓቶቹ እዚያው ቀሩ፤ ቅጂያቸውን በአንድ ፋይል አውርዷል፣ ግን ፋይሉ ይቀመጣል እንጂ አዲሱ ቦታ ላይ ተመልሶ አይለጠፍም። የመጀመሪያ ጽሑፉ ላይ "አንድ" ብቻ ብሎ ጻፈ። ካቻቪቴ ግንኙነቷ ተቆርጦ ስለነበረ እንደ ማንኛውም ባዕድ አዲስ የመከተል ጥያቄ ላከች። ግማሽ ቀን አስጠብቆ ተቀበላት። ሥራ በዝቶብኝ ነው አለ፤ እሷ ግን አላመነችውም።

አዋላጇ አልተመለሰችም። አካውንቷን ዘግታ ወደ ሌላ ሆስፒታል ለመዛወር አመለከተች። ካቻቪቴ ይቅርታ ለመጠየቅ ቃል ስታገላብጥ ሰነበተችና አልሆነላትም። በመጨረሻ የሁለት ቀን ፈቃድ ወስዳ፣ የመሣሪያ ቦርሳዋን አንጠልጥላ፣ አራት ሰዓት በአውቶቡስ ተጉዛ አዋላጇ ወዳለችበት ሆስፒታል ሄደች። የተበላሹትን ሦስት ማሞቂያዎች ወለል ላይ ፈታቻቸው። ከሦስተኛው ዕቃ እያወጣች ሁለቱን አስነሣች፤ ሦስተኛው አበቃለት። አዋላጇ አጠገቧ ቆማ ባትሪ ስታበራላት ዋለች።

"አራት ቀን ያዘገየሁት እኔ ነኝ" አለቻት ካቻቪቴ፣ ቀና ሳትል።

"ሲስተር ነግረውኛል።"

"ይቅርታ የሚለው ቃል..."

"እናቴ አሁንም በሩን በቀን ትቆልፋለች" አለች አዋላጇ። ቁጣ የለበትም፤ ያለውን ነው የተናገረችው። ቀጥላም፣ "ማሞቂያዎቹን ስለሠራሽልን አመሰግናለሁ። ወደ ጠጋኞች ቤት ግን አልመለስም" አለች። ካቻቪቴ በመመለሻው አውቶቡስ ውስጥ ወንበር ይዛ ስለነበር መቆም አልቻለችም፤ አራቱንም ሰዓት ተቀምጣ ተጓዘች።

ስትመለስ የሆነውን ሁሉ ጠጋኞች ቤት ላይ ጻፈችው፤ አራት መቶ ዘጠና ስድስት ፊደል ወጣው። ሃያ ሦስት ሰዎች ቤቱን ለቀው ወጡ። አንዱ ሲወጣ፣ "እውነቱን ስለነገርሽን አመሰግናለሁ፤ ግን ከእንግዲህ አላምንሽም" አላት። ይህን ጽሑፍ አላጠፋችውም፤ ዛሬም አለ። ከሲስተርና ከላብራቶሪው ጋር ሆነው አንድ ሕግ ጨመሩ። በጉዳዩ ውስጥ ዘመድ ወይም ወዳጅ ያለበት ኃላፊ ያንኑ ቀን ይናገራል፤ ውሳኔውንም ለሌሎቹ ትቶ እጁን ይሰበስባል።

ሕጉ ከወጣ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት፣ ካቻቪቴ አክታ መሳቢያውን ፓምፕ ፈታ እጇ ቅባት በቅባት ሆኖ ሳለ አቤቱታ ደረሳት። ያመለከተው የቤቱ አባል የሆነ የኩላሊት እጥበት ማሽን ባለሙያ ነው። በአንድ የሰዓት ጠጋኝ ተሰድቤአለሁ ይላል። ስለ ማሽን ዘይት ሲከራከሩ ሰዓት ጠጋኙ "አንተ ከነ ማሽንህ የመኪና ጋራዥ ነው የምትመጥነው፤ ዘይት አፍሳሽ" ብሎታል። የሰዓት ጠጋኙን ስም ማንበብ አላስፈለጋትም።

ሳቋ ቀደማት። ከዚያ ቅባቱን በጋዋኗ ጠራርጋ መጻፍ ጀመረች። ሰውየው ምላሰኛ ቢሆንም ክፋት እንደሌለበት፣ ድሮም ዘይት ላይ ሲደርስ እንደሚግል፣ ስድስት ዓመት የጻፈውን ጥሎ የተዛወረ ሰው ስለሆነ ሆድ እንደሚብሰው። የፊደል መቁጠሪያው ዜሮ ሲደርስ ቆም ብላ አነበበችው። ሁሉንም አጠፋችው። "ወንድሜ ነው። ይሄ የናንተ ነው" ብላ ለሁለቱ አስተላለፈችው።

ላብራቶሪው ወዲያው መለሰ። "ማስጠንቀቂያ ልላክለት?"

ውሳኔው የነሱ ነውና እንዳላየች ሆና ስልኩን ኪሷ ከተተችው። አወጣችው። መልሳ ከተተችው። ከላይኛው ፎቅ ሕፃናት ክፍል የአንዱ ማሞቂያ ደወል መጮህ ጀመረ፤ ካቻቪቴ ፓምፑን እንደተፈታ ትታ፣ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች።